«እርጅና ነው» ከማለታችን በፊት
ከ7ኛ «ለ» ክፍል



ሳሪስ የሚኖሩት አያቴን የበሩ ጉበን ጭንቅላታቸውን መታቸው። ስላልቆሰሉ ረሳነው። ከወር በኋላ ግን ራሳቸውን ያማቸው ጀመር፤ ሲሄዱ ይንገዳገዳሉ፣ ስሜንም ይረሳሉ። ሰው ሁሉ «እርጅና ነው» አለ። በሲቲ ስካን ሲታዩ ግን አንጎላቸው ላይ ደም ተጠራቅሟል!

ለምን ከወር በኋላ? አንጎላችን በሽፋኖች ተጠቅልሏል። ሰው ሲያረጅ አንጎሉ ትንሽ ስለሚቀንስ ከውጭኛው ሽፋን ጋር የሚያገናኙት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይወጠራሉ፤ በትንሽ ምትም ይበጠሳሉ። ሰውነት የፈሰሰውን ደም በአዲስ ስስ ሽፋን ይከበዋል። በዚህ ሽፋን ላይ አዳዲስ የደም ሥሮች ይበቅላሉ፤ ግን ደካማ ስለሆኑ ደም ያንጠባጥባሉ። ደሙ ቀስ በቀስ እየጨመረ አንጎልን ይጫናል ማለት ነው።

ደስ የሚለው ሕክምና አለው። ሐኪሞች የራስ ቅልን በትንሹ በስተው ደሙን ያፈሱታል፤ እዚሁ አዲስ አበባ እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉ ሆስፒታሎች ይሠራል። በውጭ አገር ደግሞ ለአዳዲሶቹ የደም ሥሮች ደም የሚያመጣውን ሥር በቀጭን ቱቦ ገብቶ መዝጋትም ተጀምሯል።

አያቴ ድነው አሁን በስሜ ይጠሩኛል። እናንተም አያቶቻችሁ ጭንቅላታቸውን ከተመቱ ለሳምንታት ተከታተሏቸው፤ ከተለወጡባችሁ ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው።