የባቄላ አበባና ንቦች በሰሜን ሸዋ ደጋ

በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ዙሪያ ባቄላ ከገብስና ከስንዴ ጋር እየተፈራረቀ የሚዘራ፣ ለገበሬው ምግብና ገንዘብ፣ ለመሬቱም ናይትሮጅን የሚያስገኝ ሰብል ነው። በመኸር የተዘራው በአብዛኛው በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ያብባል። ባቄላ በከፊል ራሱን በራሱ ቢያዳቅልም፣ ንቦች የአበባውን ዱቄት ሲያሸጋግሩለት የሚይዘው ፍሬ ይጨምራል።

በአውሮፓ ይህን ሥራ በብዛት የምትሠራው ጸጉራም፣ ረጅም ምላስ ያላትና ብርድ የማይበግራት ትልቅ የዱር ንብ ናት። ይህች ንብ ከሰሐራ በስተደቡብ በተፈጥሮ አትገኝም። የእኛ ረዳቶች የማር ንቦች፣ እንጨት የሚበሱ ትልልቅ ጥቁር ንቦችና በመሬት ውስጥ የሚኖሩ ንቦች ናቸው። የማር ንብ በብርድና በዝናብ ብዙም አትወጣም፤ ስለዚህ በደጋ ለሥራ የምታገኘው ሰዓት አጭር ነው።

በማሳ ውስጥ ንብ መታየቱ ብቻ አይበቃም። ከፊት ለፊት ወደ አበባው የምትገባው ዱቄት ታሸጋግራለች። በአበባው ሥር በተበሳ ቀዳዳ፣ ወይም በቅጠሉ መነሻ ካሉት ጥቁር ነጥቦች ወለላ የምትቀስመው ግን ለፍሬው እምብዛም አትጠቅምም።

ቁጥቋጦው ተመንጥሮ ባሕር ዛፍ ሲተከል፣ ድንበሩ እስከ ጫፍ ሲታረስ፣ ቱ-ፎር-ዲ የስንዴውን አረም ሲያጠፋ፣ ንቦች ከባቄላው አበባ በፊትና በኋላ የሚቀስሙትና የሚጠለሉበት ያጣሉ። ፀረ ተባይ ሲጨመርበት ጉዳቱ ይብሳል፤ ገበሬው ማሩንም ባቄላውንም ያጣል።

ስለዚህ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚከተሉትን እንዲያስፈጽሙ እናሳስባለን፦

1. ያበበ ባቄላ ፀረ ተባይ አይረጭ። ግድ ከሆነ ንቦች ወደ ቀፎ ከገቡ በኋላ፣ ምሽት ላይ ይሁን።

2. ለሻጋታ በሽታ የሚረጨው መድኃኒት ከፀረ ተባይ ጋር አይቀላቀል፤ አንዳንዶቹ ሲደባለቁ ለንብ ይበልጥ መርዛማ ይሆናሉ።

3. ርጭት ከመደረጉ በፊት የአካባቢው ንብ አናቢዎች ይነገራቸው።

4. በእርከንና በድንበር ላይ አደይ አበባና ቁጥቋጦ ይተው፤ የደረቀ ግንድም ሁሉ ለማገዶ አይቆረጥ።

ገበሬው በዓይኑ አይቶ እንዲያምን፣ ከማበቡ በፊት ጥቂት የባቄላ ተክሎች በአጎበር ይሸፈኑ። አበባው ሲረግፍ አጎበሩ ይነሣ። በአጨዳ ጊዜ የእነዚህ ፍሬ ካልተሸፈኑት ጋር ተቆጥሮ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ይቅረብ።