መንገደኛ ማደያ ለማየት ለምን ይጓዛል?

ሂውስተንን ከሳን አንቶኒዮ በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ዳር ሉሊንግ የምትባል ትንሽ የቴክሳስ ከተማ አለች። በ2024 (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እዚያ 120 የነዳጅ መቅጃዎች ያሉት ማደያ ተከፈተ። የሱቁ ስፋት ብቻ 75,000 ስኩዌር ጫማ፣ ማለትም 7,000 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ የእግር ኳስ ሜዳን ከዳር እስከ ዳር ጣሪያ እንደ ማልበስ ማለት ነው። ባለቤቱ በ1982 በቴክሳስ የተመሠረተው ባኪስ የተባለ ኩባንያ ሲሆን ምልክቱ ቢቨር የተባለው ጥርሰ ረጅም የውሃ ዳር እንስሳ ነው። ሰዎች ወደ ባኪስ የሚሄዱት ነዳጅ ስላለቀባቸው ብቻ አይደለም። ልጆቻቸውን ይዘው፣ ጉዟቸውን በእሱ በኩል እንዲያልፍ አድርገው ይመጣሉ፤ ከቢቨሩ ሐውልት ጋር ፎቶ ይነሳሉ፤ የማደያ ምልክት የታተመበት ካናቴራ ገዝተው ይለብሳሉ። ነገሩን በሩቁ የሚያይ ሰው «አሜሪካኖች ትልቅ ነገር ይወዳሉ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። እኔ ግን ትልቅነቱ ውጤት እንጂ ምክንያት አይመስለኝም። ሰውን የሚስበው በማያውቀው መንገድ ላይ የሚቀበለው ቤት መኖሩን አስቀድሞ ማወቁ ነው።

ይህን ለመረዳት ከባኪስ በፊት የነበረን አንድ ቤት ማየት ይጠቅማል። ቴድ ሃስቴድ የተባለ ፋርማሲስት በ1931 ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ዎል በምትባል ትንሽ ከተማ መድኃኒት ቤት ገዛ። ዘመኑ ኢኮኖሚው የደቀቀበት፣ ድርቁም የበረታበት ነበር፤ ለዓመታት ገበያ አልቀናውም። በ1936 በጋ ባለቤቱ ዶሮቲ ትንሽ ልታሸልብ ጋደም ብላ ሳለ በመንገዱ የሚያልፉት መኪኖች ድምፅ እንቅልፍ ነሳት። እነዚህ ሁሉ ሰዎች በዚህ ሐሩር ሜዳውን ሲያቋርጡ የሚመኙት ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። መልሱ በበረዶ የቀዘቀዘ ውሃ ነበር። ውሃው በነጻ እንደሚሰጥ የሚናገሩ ሰሌዳዎች በመንገዱ ዳር ተተከሉ፤ መንገደኛውም መኪናውን እያዞረ መጣ። ዛሬ ነዋሪዋ ከ1,000 የማይበልጥ ከተማ በዓመት ሁለት ሚሊዮን ያህል ጎብኚ ታስተናግዳለች። መድኃኒት ቤቱም ምግብ ቤትና የገበያ አዳራሽ ጨምሮ ሰፍቷል። የዚያ ሁሉ ንግድ መሠረት ግን ያልተሸጠ ነገር ነው። ዶሮቲ ያየችው ሸማችን ሳይሆን የተጠማን ሰው ነበር፤ ሸማቹ የመጣው ከተጠማው ሰው ጋር ነው።

ይህ አሠራር በአሜሪካ ጎልቶ እንዲወጣ ያደረገው ደግሞ ሕግ ነው። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1956 የፈረሙት ሕግ 41,000 ማይል፣ ወደ 66,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ኢንተርስቴት የሚባል ክፍላተ ግዛቶችን የሚያገናኝ ፈጣን መንገድ እንዲሠራ አዘዘ። በዚያው መንገድ ይዞታ ላይ መነገድ ግን ተከለከለ፤ በዋናነት ከክልከላው ያመለጡት ከዚያ በፊት የነበሩ የክፍያ መንገዶች ናቸው። በእንግሊዝ፣ በጣሊያንና በጃፓን ማደያውና ምግብ ቤቱ ከፈጣን መንገዱ ጋር ተያይዞ ይሠራል፤ ሾፌሩም ከመንገዱ ርቆ መውጣት አያስፈልገውም። በአሜሪካ ክፍላተ ግዛቶቹ በኢንተርስቴት ላይ የሚያዘጋጁት ማረፊያ ብዙውን ጊዜ ሽንት ቤት፣ ጠረጴዛና የለስላሳ መሸጫ ማሽን ብቻ ነው። ስለዚህ ነጋዴው በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር እየበረረ ያለውን ሰው ከመንገዱ እንዲወጣ ማግባባት አለበት፤ ያውም ሌላ መውጫ ጥቂት ደቂቃ ወደፊት እየጠበቀው። ከነዳጁ የሚገኘው ትርፍ ስስ ነው፤ የሚያዋጣው ሰውየው ወርዶ ወደ ሱቁ ሲገባ ነው። ሰውን ከመኪናው የሚያወርደው ደግሞ ከምንም በላይ ሽንት ቤት ነው። ባኪስ ይህን ቀድሞ ገባው። ሰሌዳዎቹ ገና ብዙ ማይል ሲቀር ስለ መጸዳጃ ቤቶቹ ንጽሕና ይናገራሉ፤ በ2012 የኒው ብራውንፈልስ ቅርንጫፉ በአገር አቀፍ የመጸዳጃ ቤት ውድድር አንደኛ ወጥቷል። ሌሊትም ሆነ በዓል በሩ አይዘጋም። ረጅም መንገድ ከልጅና ከሽማግሌ ጋር የተጓዘ ሰው የዚህ ዋጋ ይገባዋል።

ስለ ሽንት ቤት ይህን ያህል ማውራት ለአንዳንድ አንባቢ ቀላል ነገርን ማግዘፍ ሊመስል ይችላል። የአሜሪካ መንገድ ታሪክ ግን ቀላል እንዳልሆነ ይመሰክራል። ዶሮቲ ሃስቴድ ስለ ቀዝቃዛ ውሃ ባሰበችበት በዚያው በ1936፣ በኒው ዮርክ የሐርለም ነዋሪ የነበረው ደብዳቤ አዳይ ቪክቶር ሁጎ ግሪን ለጥቁር መንገደኞች መመሪያ መጽሐፍ ማተም ጀመረ። የት ማደር፣ የት መብላት፣ የት ነዳጅ መቅዳት እንደሚቻል የሚዘረዝር ነበር። ብዙ ማደያዎች ከጥቁር ሰው ገንዘብ ተቀብለው ሽንት ቤታቸውን ይከለክሉ ነበርና ቤተሰቦች ስንቃቸውን ብቻ ሳይሆን ለሽንት የሚሆን ጣሳ ጭነው ይጓዙ ነበር። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ይህን መድልዎ አገደ። ከዚያ ታሪክ አንጻር ሲታይ፣ ማንም ሰው ምንም ሳይገዛ ገብቶ ተጸዳድቶ የሚወጣበት፣ መብራቱ የማይጠፋ ሰፊ ቤት ተራ ነገር አይደለም። በዳላስና በሂውስተን የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን በሁለቱ ከተሞች መካከል ሲመላለሱ ማዲሰንቪል ያለውን ባኪስ ያልፋሉ። ለአገሩ አዲስ የሆነ፣ ቋንቋው ገና ያልተፈታለት ሰው ማንንም ሳይለማመጥ የሚያርፍበት ቦታ ማግኘቱ የሚሰጠውን እፎይታ መገመት አይከብድም።

ተቃውሞው ብዙ ነው፤ ከፊሉም እውነት አለው። ማደያው ሰው ያላሰበውን ዕቃ እንዲገዛ ያደርጋል፤ ቴክሳስም ሆነ አላባማ ሁሉም ቅርንጫፍ አንድ ዓይነት ነው፤ ትራፊክ ያበዛል፤ ትንንሽ ሱቆችን ይጫናል። በሰሜን ካሮላይና ኦሬንጅ ካውንቲ ተቃውሞ ገጥሞት ኩባንያው በ2021 ዕቅዱን ትቷል፤ በኮሎራዶ ፓልመር ሌክም ነዋሪዎች ስለ ውሃቸውና ስለ ተራራቸው ተሟግተዋል። የአንድ ዓይነትነቱን ክስ ግን አልቀበለውም፤ መንገደኛ በእንግዳ አገር የሚፈልገው አንዱ ነገር የሚያውቀውን ማግኘት ነውና። በቀረው ላይ ተቃዋሚዎቹ ትክክል ናቸው፤ ሆኖም ክሳቸው ያረፈው በግዝፈቱ ላይ ነው። ግዝፈት ደግሞ የግድ አይደለም። በሰሜን እንግሊዝ ኤም 6 የተባለው ፈጣን መንገድ የእርሻ መሬታቸውን ሰንጥቆ ሲያልፍ፣ ጆንና ባርባራ ደኒንግ የተባሉ ገበሬዎች በ1972 ቴቤይ ላይ ትንሽ ማረፊያ ከፈቱ። ዛሬ የአካባቢው ገበሬዎች ሥጋና አይብ የሚሸጥበት፣ ሰዎች ሆን ብለው የሚቆሙበት ቦታ ሆኗል። ጃፓንም ከ1993 ጀምሮ «ሚቺ ኖ ኤኪ» የሚባሉ የመንገድ ማረፊያዎችን አስፋፍታ ዛሬ ከ1,200 በላይ አድርሳለች፤ ሽንት ቤታቸው ሃያ አራት ሰዓት ክፍት ነው፤ በብዙዎቹ የአገሬው ገበሬ አትክልቱን ያቀርባል። በትንሽ ቦታም ያው ፍቅር መገኘቱ ሰውን የሚስበው ስፋት እንዳልሆነ ያሳያል። ምረጥ ብባል እኔ የምመርጠው የቴቤይን መንገድ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው። ባኪስ ተሳቢ የጭነት መኪናዎችን አያስገባም። ሱቁ የተሞላው ግን እነሱ ባመጡት ዕቃ ነው፤ በአሜሪካ ከባድ መኪና እየነዱ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ወገኖቻችንም ብዙ ናቸው። ኩባንያው በሩን ለቤት መኪና ብቻ በመክፈቱ ግቢው ለቤተሰብ የተረጋጋ ሆኖለታል፤ ይህ ለንግዱ ይጠቅም ይሆናል፤ እንግዳ መቀበልን ግን ግማሽ ያደርገዋል። ለሾፌሩም ቦታ ሰጥቶ ጎብኚ መሳብ እንደሚቻል ማስረጃ አለ። አይዋ ውስጥ በዎልኮት ከተማ ከ1964 ጀምሮ ያለው አይዋ 80 የዓለም ትልቁ የጭነት መኪና ማረፊያ መሆኑን ያስተዋውቃል፤ ሻወር፣ ጸጉር ቤት፣ ጥርስ ሐኪም ሳይቀር አለው። የጭነት መኪና ሙዚየሙን ለማየትና በየሐምሌው ለሚደረገው የሾፌሮች በዓል ተራው ቤተሰብም ይመጣል። ማረፊያ ማጣት ደግሞ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2009 በሳውዝ ካሮላይና አንድ ሾፌር ቦታ አጥቶ በተዘጋ ማደያ ውስጥ መኪናውን አቁሞ ሳለ በዘራፊ ተገደለ። በ2012 የከባድ መኪና ማቆሚያ እጥረት እንዲጠናና እንዲቃለል የወጣው የፌዴራል ድንጋጌ በዚያ ሾፌር ስም ይጠራል፤ እጥረቱ ግን እስካሁን አልተወገደም።

እንደ ባኪስ ያሉ ትልልቅ ማደያዎችን ለማምጣት ከተሞች የግብር ማበረታቻ የሚሰጡበት ጊዜ አለ፤ ከዚያ በፊትም ነዋሪው የሚናገርበት ስብሰባ ይጠራል። በምትኖሩበት አካባቢ እንዲህ ያለ ስብሰባ ሲጠራ ሂዱ፤ ከመቶ ሃያው መቅጃ ጎን ከባድ መኪና የሚያድርበት ቦታም እንዲኖር ጠይቁ።