«ምን አስዋሸው?»፦ የይዘት ፈጣሪዎችና የማስታወቂያ ገበያ

ባለፈው ሰሞን ግሼ ራቤል ያለችው አክስቴ ደወለችልኝና ጤናዬን ጠይቃ ሳትጨርስ ወደ ጉዳይዋ ገባች። በልጅ ልጇ ስልክ የምታየው፣ በመንዝ አነጋገር የሚያስቃት አንድ ቲክቶከር አለ። እሱ ፀጉር ያበቅላል ያለውን ቅባት ከአዲስ አበባ ገዝቼ እንድልክላት ነው የፈለገችው። «ማስታወቂያ እኮ ነው፤ ተከፍሎት ነው» ብላት አላመነችኝም።

«ልጁ እኮ የኛው ነው፤ ምን አስዋሸው?» አለችኝ።

የዚህ ሙያ ሸቀጥ ይቺው አመኔታ ናት። እነ ውብሸት ወርቅአለማሁ የማስታወቂያ ሥራን ባቀኑበት ዘመን፣ ሬዲዮኑ ዜማውን ሲያሰማ አድማጩ የሚሸጥለት ነገር እንዳለ ያውቅ ነበር። ሻጩና ወዳጁ ለየቅል ነበሩ። ዛሬ ግን ሳሙናውም አፓርትመንቱም የሚመጣው ጠዋት ማታ በምናየው፣ ሰርጉንና ልጁን በምናውቅለት ሰው አፍ ነው።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለማወቅ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ማየት ይበጃል። ዩቲዩብ አንድን ቻናል የማስታወቂያ ገቢ ተካፋይ ለማድረግ 1,000 ተከታይና በዓመት ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ይጠይቃል። መስፈርቱን ያሟላ ሰው በረጅም ቪዲዮዎቹ ላይ ከሚወጣው ማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶው ይደርሰዋል። ጎረቤታችን ኬንያ ከነዩጋንዳና ታንዛኒያ ጋር ከተፈቀደላቸው አገሮች መካከል ስትሆን፣ ኢትዮጵያ ግን ለዓመታት ከዝርዝሩ ውጭ ቆይታለች። የእኛ ሰው ታዲያ መላ አያጣም፦ ቻናሉን ናይሮቢ ባለ ወንድሙ ወይም ዋሽንግተን ባለች እህቱ አድራሻ ያስመዘግባል፤ ዶላሩም በዘመድ ባንክ በኩል ይገባል። ቻናሉ ሲያድግ «የማን ነው?» የሚለው ጠብ ይከተላል። ወረቀቱ ላይ ያለው ስምና ካሜራው ፊት የሚለፋው ሰው የተለያዩ ናቸውና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቆ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ሲያልፍ፣ ከውጭ የሚከፈለውና በብር የሚከፈለው ፈጣሪ ኑሯቸው የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀ።

ኬንያ ውስጥ ነገሩ ቀድሞ በስሎ መንግሥትም እጁን ዘርግቷል። በሰኔ 2015 የጸደቀው የፋይናንስ ሕጋቸው ከዲጂታል ይዘት ገቢ ላይ ተቀናሽ ግብር ጥሏል። መጀመሪያ የታሰበው 15 በመቶ ነበር፤ ጩኸቱ ሲበዛ ለነዋሪዎች 5 በመቶ ሆነ። በኮሮናው ዓመት ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ የድንች ጥብስ እየቆረጠመች በስልኳ ስትቀልድ የታወቀችው ኬንያዊት ኤልሳ ማጂምቦም ከሪሃና ፌንቲ ጋር እስከ መሥራት ደርሳለች። ናይሮቢ ያለ ፈጣሪ ከመድረኩም ከአስተዋዋቂውም ስለሚያገኝ ያልወደደውን ሥራ «ይቅርብኝ» የማለት አቅም አለው።

እዚህ አገር ያ አቅም የሳሳ ነው። መድረኩ በቀጥታ ካልከፈለ የሚቀረው የቲክቶክ ላይቭ ስጦታና የአገር ውስጥ አስተዋዋቂ ነው። ላይቩን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ሁለት ሰዎች «ባትል» ይገጥማሉ፣ ውጭ ያለው ወገን ጽጌረዳና አንበሳ ይወረውራል፣ ኩባንያውም ጉልህ ድርሻውን ያነሣል። ዕለታዊ እንጀራ የሚወጣው ግን ከ«ፕሮሞሽን» ነው። ባንኩ፣ ሪል ስቴቱ፣ የመኪና አስመጪው፣ የቆዳ ክሊኒኩ፣ የጉዞ ወኪሉ ሁሉ ፊት ይፈልጋል። ቴሌብር በ2013 ሥራ ሲጀምርና ሳፋሪኮም በ2015 መጀመሪያ ገበያው ውስጥ ሲገባ የቴሌኮሙ ፉክክርም ወደ ስልክ መስኮት ወረደ። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቢራን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ማስታወቂያ ሲያስወጣ፣ ብዙ ጣቢያዎች በስፖንሰር ማጣት ተንገዳገዱ። በአንጻሩ እንደ ኮሜዲያን እሸቱ መለሰ «ዶንኪ ቲዩብ» ያሉ ቻናሎች አንድ ሰው ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር የጣቢያ ያህል ተመልካች ሊይዝ እንደሚችል አሳይተዋል።

ዋጋው የተጻፈ ተመን የለውም። ንግግሩ የሚጀመረው በቴሌግራም ነው፤ ግማሹ በቅድሚያ ይከፈላል፣ ቀሪው ቪዲዮው ሲለቀቅ። አንዳንዱ በዕቃ ይከፈላል፤ ሌላው «በእኔ ስም የመጣ ገዢ» እየተባለ ኮሚሽን ይታሰብለታል። ጽሑፍ ያለው ውል ብርቅ ነው። «ከሻጩ የተሰጠኝን ነው ያነበብኩት» የሚለው ማምለጫ የሚበዛውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ሕጉስ? የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 የወጣው በ2004 ዓ.ም.፣ ቲክቶክ የሚባል ነገር ከመሰማቱ በፊት ነው። አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ከማሰራጫ መንገዶች መካከል የኢንተርኔት ድረ ገጽን አልፎ ፋክስን ሳይቀር ያነሣል። ስለዚህ ሕግ የለም ማለት አይቻልም፤ ቅባት ይዞ የሚያስቀን ልጅ ግን በዚያ አዋጅ ዓይን ውስጥ ገና አልገባም። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ሲያሰራጭ ቅጣቱን ያከብዳል፤ ትኩረቱ ፖለቲካው ላይ እንጂ ቅባቱ ላይ አይደለም። በ2017 መጨረሻ የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ ደግሞ የዲጂታል ይዘት ገቢን ወደ ግብር መረቡ አስገብቷል። ግብር ሰብሳቢው ከሸማች ጠባቂው ቀድሞ መድረሱ የእኛ አገር ነገር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከዚህ ሁሉ በላይ ሙያውን ያናጋዋል፤ እሱም የኢንተርኔቱ መቋረጥ ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም በመላ አገሪቱ ተገድበው ሰው በቪፒኤን ሲገባ፣ የአዲስ አበባው ተመልካች በቁጥሩ ላይ የሌላ አገር ሰው ሆኖ ታየ። አስተዋዋቂው ለማን እየከፈለ እንደሆነ እንዴት ይወቅ? ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘጋ። በዚያን ጊዜ አክስቴ ያን ቲክቶከርም እኔንም አታየንም ነበር።

ይህ ገበያ ለራቤል ምን አመጣ ብትሉ፣ እስካሁን ገዢነትን ብቻ ነው። ከከተማ ወደ ደጋው የሚወጣ ቅባትና ሻይ አለ፤ ከደጋው የሚወርድ ማስታወቂያ ግን አላየሁም። የመንዝ ባናና በርኖስ፣ የመንዝ በግ፣ የጓሳው ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሁሉም በስልክ ካሜራ የሚያምሩ ናቸው፤ ባና ሠሪ ግን ለፕሮሞሽን የሚከፍለው የለውም። በመንዝ አነጋገር እያሳቃችሁ እንጀራ የምትበሉ ልጆች፣ ከአሥር የማስታወቂያ ቪዲዮ አንዱን ሳይከፈላችሁ ለባና ሠሪው ብትሠሩለት ምን ይጎድላችኋል? የተቀሩት ዘጠኙ ላይ ደግሞ «ተከፍሎኝ ነው» የሚል ጽሑፍ በጉልህ አስቀምጡ። ማንበብ ለማትችለው አክስቴ በአፋችሁ ንገሯት።