ከሃዲው ማነው? ስትደርሱበት መልሱን ቀየርነው!

«ከመሐላችን አንዱ ከሃዲ ነው» የሚል ታሪክ ሲጀመር ጆሮውን የማያቆም አንባቢ ያለ አይመስለኝም። እኔ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ተጠርጣሪ መቁጠር እጀምራለሁ። ግን የገመትነው ትክክል ሆኖ ሳለ ደራሲው መልሱን ቢቀይርብንስ? በአሜሪካ የኮሚክ መጻሕፍት ዓለም ይህ የምር ተደርጓል።

እ.ኤ.አ. በ1991 ዲሲ ኮሚክስ «አርማጌዶን 2001» የተባለ ታሪክ አወጣ። ታሪኩ የሚነሳው ከ2030 ነው። ዓለምን የሚገዛት ሞናርክ የሚባል፣ ፊቱን በብረት የሸፈነ አምባገነን ነው። ይህ ሰው ድሮ ከልዕለ ኃያል ጀግኖቹ አንዱ ነበር፤ በ2001 ከድቶ ጓደኞቹን ፈጃቸው (እኛ ብንሆን ባንዳ ብለን እንገላገል ነበር)። የትኛው እንደሆነ ግን አይታወቅም። ዌቭራይደር የተባለው ገጸ ባሕርይ ከዚያ ዘመን ወደ 1991 ተመልሶ ጀግኖቹን አንድ በአንድ እየነካ የወደፊት ዕጣቸውን ያያል። ሱፐርማን ይሆን? ባትማን? በዚያ ዓመት የወጡት የጀግኖቹ ዓመታዊ እትሞች ይህንኑ ሲያጠያይቁ ከረሙ። አንባቢም ከኪሱ እያወጣ እየገዛ ገመተ።

የታሰበው ከሃዲ ካፕቴን አቶም ነበር። የራሱ ተከታታይ መጽሐፍም በዚያው ዓመት በ57ኛው እትም ስለተዘጋ ጥርጣሬው ወደ እሱ ቢያደላ አይገርምም። ችግሩ፣ ምስጢሩ የመጨረሻው እትም ሳይወጣ አፈተለከ። አዘጋጆቹ ምን አደረጉ? መልሱን ቀየሩት! ሞናርክ ሆኖ የተገኘው ሆክ የሚባለው ጀግና ሆነ። የሚያሳዝነው፣ ሆክና ጓደኛው ደቭ በራሳቸው ዓመታዊ እትም ላይ በታየው የወደፊት ዘመን ሞናርክን ሲገጥሙት ታይተው ነበር። ስለዚህ በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ሆክን ከዝርዝሩ ሰርዞታል። በቃ፣ ጎበዙ አንባቢ ተሸወደ፤ ጭራሽ ያላነበበው ምንም አልቀረበትም።

ዶርም ውስጥ በዚህ ጉዳይ ስንከራከር አንድ ጓደኛዬ «ልብ ወለድ አይደል እንዴ፣ ደራሲው እስኪታተም ድረስ መብቱ ነው» አለኝ። እውነት አለው። የታተመው ፍንጭ ግን የደራሲው ብቻ አይደለም፤ የሸጠው ነገር ነው። እኛ በዚህ ትምህርት ክፍል የምንማረውን እናስበው እስቲ። መርካቶ የተነሳውን እሳት ሌላ ጋዜጣ ቀድሞን ቢዘግበው፣ «እንግዲያው ፒያሳ ነው የተነሳው» ብለን እንጽፋለን?

ደግሞስ ምስጢር ቢወጣ ምን ይጎዳል? እ.ኤ.አ. በ1984 ማርቭ ዎልፍማንና ጆርጅ ፔሬዝ በሠሩት የቲን ታይታንስ ታሪክ ውስጥ፣ ቴራ የምትባለው ልጅ ለጠላት እንደምትሠራ አንባቢው ከጓደኞቿ ቀድሞ ያውቃል። ማን እንደሆነች እያወቅን አብራቸው ስትበላ፣ ስትስቅ እናያታለን። ያ ነው ልብ የሚያንጠለጥለው። ካፕቴን አቶምንም እንዲሁ ሊያደርጉት ይችሉ ነበር።

የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በጀመረው «ካውንትዳውን» የተሰኘ ተከታታይ የሞናርክን ጥሩር ለብሶ የመጣው ካፕቴን አቶም ነው። ከ16 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው! ጋዜጣ ቢሆን «እርማት» ተብሎ በሁለተኛው ገጽ ጥግ ላይ ይወጣ ነበር።