ኬክ ለምን ይጎብጣል፣ ለምንስ ይሰምጣል?

መሃሉ ጎብጦ የተሰነጠቀ ኬክና መሃሉ የሰመጠ ኬክ መነሻቸው ይለያያል። ብዙ ሰው ግን ሁለቱንም «እጄ ለኬክ አይሆንም» ብሎ ያልፋቸዋል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ሙቀቱ በየት በኩል እንደሚገባ ያወቀ ሰው ኬኩን ያስተካክለዋል።

ሙቀት ብዙውን ጊዜ ፈጥኖ የሚገባው በፓትራው ጎን በኩል ነው። ስለዚህ ዳር ዳሩ ቀድሞ ይረጋል፣ በደረሰበት ቁመትም ይቀራል። መሃሉ ግን ገና ፈሳሽ ነው፤ የቤኪንግ ፓውደሩ ጋዝና እንፋሎቱ ወደ ላይ ብቻ ስለሚገፉ መሃሉን ያሳብጡታል፣ የደረቀውን ቆዳም ይሰነጥቁታል። ኦቨኑ ከልክ በላይ ሲግል ወይም ፓትራው ጥቁር ሲሆን ይብሳል፤ ጥቁር ብረት ሙቀት ይስባል፣ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ግን ከፊሉን ይመልሳል። መላው ቀላል ነው፤ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ ጨምቆ የፓትራውን ጎን ዙሪያውን መጠምጠም። ጨርቁ እርጥብ እስከሆነ ድረስ የፓትራው ጎን ከውኃ መፍያ ሙቀት ብዙ ስለማያልፍ ዳሩ መሃሉን ይጠብቀዋል። ጨርቁ እሳቱን ወይም የጋለውን ሽቦ እንዳይነካ መጠንቀቅ ግን ግድ ነው።

መስመጡ ለደጋ ሰው የተለየ ጉዳይ ነው። ከውጭ የሚመጡት የኬክ አሠራሮች በአብዛኛው ለቆላማ አገር የተመጠኑ ናቸው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ስለሚቀንስ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ጋዙን የሚጫነው አየር ስስ በመሆኑ ኬኩ ገና ሳይረጋ ከልክ በላይ ይነፋል፣ አረፋው ይፈነዳል፣ መሃሉ ይወድቃል። ውኃውም ቶሎ ስለሚተን ስኳሩ ይበረታል፤ ስኳር ሲበረታ ደግሞ ኬኩ ለመርጋት ይዘገያል። ስለዚህ እዚህ ከተማ ቤኪንግ ፓውደሩን ሩብ ያህል መቀነስ፣ ከእያንዳንዱ ስኒ ስኳር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማጉደል፣ ለእያንዳንዱ ስኒ ወተት ወይም ውኃ ሦስት የሾርባ ማንኪያ መጨመር፣ ሙቀቱንም በ10 ዲግሪ ገደማ ከፍ ማድረግ ጥሩ መነሻ ነው። ያው መጠን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ድሬዳዋ ቢላክ ሌላ ኬክ ይወጣዋል። የጎበጠ ኬክ ላይ ግን ሙቀት መጨመር ችግሩን ያባብሰዋልና አስቀድሞ የትኛው እንደገጠመ መለየት ይገባል። መሃሉ እንዳይወድቅ ከመጋገሪያው ጊዜ ሁለት ሦስተኛው ሳያልፍ በሩን አለመክፈትም ይረዳል።

ከታች ብቻ የሚነድ የጋዝ ኦቨን ታቹን አሳርሮ ላዩን ገርጥቶ ይተወዋል። እናቶቻችን ድፎ ዳቦ ሲጋግሩ ከላይም ፍም የሚያደርጉት ላዩም እንዲበስል ነው።

ኬኩ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ፓትራው ውስጥ ውኃ አድርጎ መደርደሪያው ላይ ማስቀመጥና ማየት ነው፤ ውኃው ካጋደለ ኦቨኑ ራሱ አጋድሏል። አንዱ ጎን ብቻ የሚቀላ ከሆነ ደግሞ መደርደሪያውን በዳቦ ቁርጥራጭ ሞልቶ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት፣ ቀድሞ የጠቆረበትን ቦታ ማስታወስ። የኦቨኑ ቁልፍ 180 ቢልም ውስጡ ሊለይ ስለሚችል ውስጡ የሚቀመጥ ቴርሞሜትር ከማንኛውም ውድ ፓትራ በፊት መገዛት ያለበት ዕቃ ነው።