ሥዕሉን እያነበቡ መጠገን

ኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ሰው ጠረጴዛ ላይ ፓወር ሰፕላይ አይጠፋም። ከግድግዳው ሶኬት 120 ቮልት ተቀብሎ፣ በማስተካከያው ያዘዝነውን ያህል ብቻ፣ 5 ወይም 12 ቮልት፣ ይሰጠናል። ካዘዝነው በላይ ከሰጠ ግን የተገናኘውን ዕቃ ያቃጥላል።

ኤመሪቪል ቤቴ ያለው ፓወር ሰፕላይ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ያገለገለ ነው የገዛሁት። አንድ ቅዳሜ ማስተካከያው 5 ላይ ሆኖ 31 ቮልት ሰጠ። ደግነቱ ከኦክላንድ የመጣው የእህቴ ልጅ ሮቦቱን ገና አላገናኘም ነበር። «አጎቴ፣ አዲስ ብትገዛ አይሻልም?» አለኝ።

እኔ ግን ከዕቃው ጋር የመጣውን መጽሐፍ አወጣሁ። መጨረሻው ላይ የሰርኪዩቱ ሙሉ ሥዕል አለ። በ1939 እ.ኤ.አ. እዚሁ ማዶ ፓሎ አልቶ፣ ጋራዥ ውስጥ ሥራ የጀመረው ሂውሌት-ፓካርድም ሆነ ሌሎች የዘመኑ አምራቾች እንዲህ ያለ መጽሐፍ መስጠት ልማዳቸው ነበር።

ሥዕሉን ከግራ ወደ ቀኝ እናንብበው። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ዝቅ ያደርጋል። ዳዮዶቹ ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያስኬዱታል። ትልቁ ካፓሲተር እንደ ጋን ያጠራቅመዋል። ቀጥሎ እንደ ቦይ በር የሚሠራ ትልቅ ትራንዚስተር አለ። ተቆጣጣሪው ክፍል የሚወጣውን እየለካ ሲበዛ «ዝጋ»፣ ሲያንስ «ክፈት» ይለዋል።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የተቆጣጣሪው ወይስ የበሩ? ሥዕል የሌለው ሰው በግምት እየነቀለ ይቀይራል፤ ገንዘብም ጊዜም ይበላል። እኛ ግን የት እንደምንለካ ሥዕሉ አሳየን። ትራንዚስተሩ ትእዛዝ የሚቀበልበት እግር «ቤዝ» ይባላል። እዚያ ያገኘነው ቮልት ከሚወጣው ያነሰ ነበር። ስለዚህ ተቆጣጣሪው «ዝጋ» እያለ ነው፤ አልሰማ ያለው በሩ ነው።

ሶኬቱን ነቀልን። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም፤ ካፓሲተር ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይይዛል። ወደ ዜሮ መውረዱን በመለኪያ ሳናረጋግጥ እጃችንን አላስገባንም። ልጆች ብቻቸውን የሚሞክሩት ሥራም አይደለም። ትራንዚስተሩን አውጥተን ብንለካው በሁለቱም አቅጣጫ ያሳልፋል፤ እንደ ተራ ሽቦ ሆኗል። ስሙ ቱ ኤን 3055 ነው፤ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ፣ ዛሬም የሚሸጥ። አዲሱን ስንገጥም ሥሩ ያለችውን ስስ የሚካ ቁራጭ መለስናት። የትራንዚስተሩ ብረት ራሱ ኤሌክትሪክ ስላለበት፣ እሷ ከሌለች ከአልሙኒየሙ ጋር ይነካካል። ከዚያ 5 ስናዝዘው 5 ሰጠን። ለማረጋገጥ የመኪና አምፖል አገናኘንበት፤ ቮልቱ አልተነቃነቀም።

በካሊፎርኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ ብዙ የኤሌክትሮኒክስ አምራቾች የጥገና መመሪያና መለዋወጫ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሚያወጣ ዕቃ እንኳ ግዴታው ምርቱ ከቆመ በኋላ 7 ዓመት ብቻ ነው። ለእኔ ይህ ያንሳል፤ የእኛ ወረቀት ከአርባ ዓመት በኋላም ሠርቷል።

የእህቴ ልጅ ሥዕሉን አልለቀቀም። በግራ ጥግ ትራንስፎርመሩ ሁለት ጥቅል ሽቦ እንዳለው አየ። ጎን ለጎን ሲያያዙ ለአሜሪካ 120 ቮልት፣ አንዱ ከሌላው ሲቀጠል ለ220 ይሆናሉ።

«አዲስ አበባም ይሠራል ማለት ነው?»

«ይሠራል። ፊውዙን ግን መቀየር አለብን» አልኩት።