ከጓዳችን እስከ ቆሼ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ “እማማ፣ ቆሻሻ ሲቃጠል መብራት ይሆናል አሉን። እኛ ጓሮ የምናቃጥለውስ?” ብሎ ጠየቀኝ። አፈርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ በነርስነት ስሠራ እናቶችን ስለ ጭስ ጉዳት ሳስተምር ኖሬ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ፌስታልና የሃይላንድ ፕላስቲክ ጓሮዬ ውስጥ አቃጥል ነበር። ልጁ ደግሞ ሳል ያስቸግረዋል።

እኛ የቀራንዮና የአካባቢው ሰዎች የቆሻሻን ነገር በወሬ አይደለም የምናውቀው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ረጲ የሚገኘው የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወት አለፈ። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘንም ታወጀ። ያ ክምር ከ50 ዓመት በላይ ከየቤታችን እየወጣ የተጠራቀመ ነው።

ክምሩ የሚጎዳው ሲናድ ብቻ አይደለም። የምግብ ትርፍራፊና የአትክልት ልጣጭ ታፍኖ፣ አየር ሳያገኝ ሲበሰብስ ሚቴን የተባለ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምድርን እንደ ጋቢ ሸፍነው ሙቀቷ እንዳይወጣ ይይዛሉ። በመቶ ዓመት ሲሰላ አንድ ኪሎ ሚቴን ከአንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ያሞቃል። ከአደጋው በኋላ በቆሼ ፉኩኦካ የተባለው የጃፓን ዘዴ ሥራ ላይ የዋለውም ለዚህ ነው፤ በቱቦ አየር ወደ ክምሩ ውስጥ እንዲገባ ያደርጋል።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ረጲ ከቆሻሻ ኃይል የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። የተሠራው በቀን እስከ 1,400 ቶን ቆሻሻ ተቀብሎ 25 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ነው። ቆሻሻው በከፍተኛ ሙቀት ይቃጠላል፤ ሙቀቱ ውኃ ያፈላል፤ እንፋሎቱ ተርባይን ያሽከረክራል። ጭሱም ከመውጣቱ በፊት በማጣሪያ ያልፋል። የኔ ጓሮ ግን ማጣሪያ የለውም፤ ማጣሪያው የልጁ ሳንባ ነበር።

ይሁንና ጣቢያው ብቻውን አያድነንም። እርጥብ ቆሻሻ እንደ እርጥብ እንጨት ነው፤ እሳቱ መጀመሪያ ውኃውን ለማድረቅ ይደክማል። ፕላስቲክ ሲቃጠልም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ስለዚህ ሥራው ከጓዳችን ይጀምራል።

እኔ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ፦

• የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላና ቅጠላ ቅጠል ለብቻው አስቀምጣለሁ። ጓሮ ከደረቅ ቅጠል ጋር ቀላቅዬ በየሳምንቱ አገላብጠዋለሁ። አየር ስለሚያገኝ ለጎመኔ ጥሩ ብስባሽ ይሆነኛል። ጓሮ የሌለው በተበሳ አሮጌ ባልዲ ይሞክረው።

• የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ ጠርሙስና ቆርቆሮ ለቆራሌው ነው። ልጆቹ ይሰብስቡ፤ ሳንቲሙም የነሱ ይሁን።

• በቤት ውስጥ የስኳር በሽታ መርፌ የሚወጋ ካለ፣ መርፌውን በወፍራም ፕላስቲክ ዕቃ ከድናችሁ ወደ ጤና ተቋም መልሱ። ሥራ ላይ ሳለሁ ማዳበሪያ ስታነሳ መርፌ እጇን የወጋት አንዲት ቆሻሻ ሰብሳቢ ወጣት መጥታ ነበር። “የሰው ቤት መርፌ ነው፤ ማንን ልጠይቅ?” እያለች ስታለቅስ አልረሳትም።

• ምንም ነገር ቢሆን ጓሮ ውስጥ አታቃጥሉ። በተለይ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና አስም ያለበት ሰው ካለ።

ለልጅ ልጄ፣ “የኛ ጭስ መብራት አይሆንም፤ ሳል ነው የሚሆነው” አልኩት። አሁን ልጣጩን ወደ ጓሮ የሚወስደው እሱ ነው። ሲያገላብጠው ትል አይቶ፣ “እማማ፣ እነዚህም ሠራተኞች ናቸው?” አለኝ። አዎ፣ ልጄ፤ እነሱም፣ እኛም።